በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሲክስ ጂ ጥናት የሚሆን የሲግናል ልኬት እንዴት ይሠራል

በሲክስ ጂ (በስድስተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ) ላይ ለመመራመር ውድ ቤተ ሙከራ የግድ ነው የሚለው ወሬ ብዙ ተማሪ ከደጅ ይመልሳል። ግማሹ እውነት ነው፤ አዲስ አንቴና ወይም አዲስ ቺፕ ለሚሠራ ሰው ቤተ ሙከራ ያስፈልገዋል። ሌላው ግማሽ ሥራ ግን ሜዳ ላይ ነው፦ ሞገዱ በባሕር ዛፋችን፣ በጭቃ ቤታችንና በቆርቆሯችን፣ በተራራችን ሲያልፍ ምን ያህል ይዳከማል? ይህን ሌላ አገር ያለ ተመራማሪ ለክቶ አይልክልንም። ሁለት ስልክ፣ አንድ ላፕቶፕና ትዕግሥት ካላችሁ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ መረጃ ይሰበሰባል።

መጀመሪያ ለምን አሁን ያሉትን ባንዶች (የፍሪኩዌንሲ ክልሎች) እንደምንለካ ግልጽ ይሁን። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሲክስ ጂን ማዕቀፍ «አይኤምቲ-2030» በሚል ስም በኅዳር 2016 (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2023) አጽድቋል። ማዕቀፉ ከዘረዘራቸው ስድስት የአጠቃቀም ዘርፎች አንዱ ኔትወርክን በሁሉም ቦታ ማዳረስ ነው፤ የከተማ ዳርቻን በቀጥታ የሚመለከተው ይኸው ነው። በዚያው ሰሞን ዱባይ ላይ የተሰበሰበው የዓለም ሬዲዮ ጉባኤ ደግሞ ከ4.4 እስከ 4.8፣ ከ7.125 እስከ 8.4 ባለው ክልል ውስጥ፣ እንዲሁም ከ14.8 እስከ 15.35 ጊጋኸርዝ ያሉት ባንዶች እንዲጠኑ አዟል፤ ውሳኔው የሚጠበቀው እ.ኤ.አ. በ2027 ጉባኤ ነው። በእነዚህ ባንዶች ያለ ፈቃድ ማሰራጨት አይቻልም። ስለዚህ የሚያዋጣው መንገድ አየር ላይ ያለውን የ900 እና የ1800 ሜጋኸርዝ ሲግናል በጥንቃቄ መለካት፣ በእሱ የኮምፒውተር ሞዴል ማስተካከል፣ ከዚያ ሞዴሉን ወደ 8 እና 15 ጊጋኸርዝ ማሻገር ነው።

መስመር መምረጥ

አንድ መስመር አንድ ባሕርይ ብቻ ቢኖረው ይሻላል። ተራራ፣ ፎቅና ደን በአንድ ጉዞ ከተቀላቀሉ ሲግናሉን የጣለው የቱ እንደሆነ በኋላ መለየት አይቻልም።

ለተራራ ጥላ የጎጃም መንገድ ይመረጣል፤ የእንጦጦን ጀርባ አልፎ ወደ ሱሉልታ ሲወርድ በከተማው በኩል ያሉት ሴሎች (እያንዳንዱ የታወር አንቴና የሚያዳርሳቸው ክልሎች) በጥቂት መቶ ሜትሮች ውስጥ ሲጠፉ ይታያል። ለፎቅ ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ጥሩ ናቸው፤ ኮንዶሚኒየሞቹ ተመሳሳይ ቁመትና ተመሳሳይ ግድግዳ ስላላቸው ስሌቱን ያቀሉታል። ለባሕር ዛፍና ለሸለቆ በቡራዩ በኩል፣ ለገላጣ ሜዳ ከለገጣፎ አልፎ ወደ የረር ያለውን አቅጣጫ እዩ። በእያንዳንዱ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይበቃል።

ከመውጣታችሁ በፊት ከትምህርት ክፍላችሁ ማኅተም ያለበት የድጋፍ ደብዳቤ አጽፉና ኮፒውን ለወረዳው አስገቡ። ይህ ለወጉ የሚደረግ አይደለም፤ ዘንግ ላይ ስልክ አስሮ በሰፈር የሚመላለስ ሰው መጠየቁ አይቀርም። የታወር ግቢ አጥር አትጠጉ፣ ፎቶም አታንሱ፤ ቦታውን ከመንገድ ሆናችሁ መመዝገብ ትችላላችሁ። ለጠየቃችሁ አዛውንት «አባቴ፣ ኔትወርክ የት የት እንደሚደክም ነው የምናየው» ማለት ስለ ሲክስ ጂ ከማብራራት ይሻላል፤ የሚደክምበትን ቦታ ራሳቸው ይመሯችኋል።

ዕቃዎቹ

ሁለት አንድ ዓይነት ሞዴል ያላቸው የአንድሮይድ ስልኮች፣ በእያንዳንዱ አንድ ሲም ብቻ። ሁለት ሲም ያለው ስልክ ጊዜውን ለሁለቱ ስለሚከፋፍል ንባቡ ይዘገያል። 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ፓወር ባንክ፣ 1.5 ሜትር የእንጨት ዘንግ፣ የፕላስቲክ መያዣ። ዘንጉም መያዣውም ብረት አይሁን። ደብተርና እስክሪብቶ አትርሱ፤ «እዚህ ጋ ትልቅ መኪና ቆሞ ጋረደን» የሚለውን የሚነግራችሁ ደብተሩ ብቻ ነው።

ለመመዝገቢያ ጂ-ኔትትራክ ወይም ተመሳሳይ አፕ ይጫናል። የሚያስቀምጠው ፋይል ቢያንስ ሰዓት፣ ላቲቲዩድና ሎንጊቲዩድ፣ የጂፒኤስ ስሕተት መጠን፣ የሴል መለያ ቁጥር፣ ፒሲአይ (የሴሉ አጭር መለያ)፣ የፍሪኩዌንሲ ቁጥር (ኢአርኤፍሲኤን)፣ አርኤስአርፒ (የሚደርሰው የሲግናል ጉልበት)፣ ኤስአይኤንአር (ሲግናሉ ከሚያውከው ሞገድና ጫጫታ የሚበልጥበት መጠን) እና ታይሚንግ አድቫንስ (ከታወሩ ያለውን ርቀት የሚጠቁም ቁጥር) እንዲኖረው አረጋግጡ። አንዳንድ ስልክ ታይሚንግ አድቫንስን ወይም ኤስአይኤንአርን ጨርሶ አያወጣም፤ ይህን ሜዳ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ እወቁት።

የስልኩ ቅንብር እንዲህ ይሁን፦ ዋይፋይ ይጥፋ፣ ባትሪ ቆጣቢው ይጥፋ፣ ሎኬሽን ይብራ፣ አፑ ከባትሪ ገደብ ነፃ ይደረግ፣ ስክሪኑም አይጥፋ። በብዙ ስልኮች *#*#4636#*#* ሲደወል የሚከፈተው ገጽ ላይ ኤልቲኢ (ፎር ጂ) ብቻ የሚለውን ምረጡ፤ ያለበለዚያ ስልኩ ዳገት ላይ ወደ ስሪ ጂ ይወርድና ተከታታይነቱ ይቋረጣል። በዚህ ቅንብር መደበኛ ጥሪ ላይሠራ ስለሚችል ለመገናኛ ሌላ ስልክ ያዙ።

ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ስልክ ባትሪ ለመቆጠብ የሚነቃው በየተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በየ1.28 ሰከንዱ ነው። በዚያ ላይ አንድሮይድ አዲስ ንባብ ሳይኖረው የድሮውን ደግሞ ይሰጣል። መድኃኒቱ በሰከንድ አንድ ፒንግ (ትንሽ የሙከራ መልእክት) እየላኩ ግንኙነቱን ሕያው ማድረግ ነው። ታይሚንግ አድቫንስም የሚገኘው ስልኩ በግንኙነት ላይ ሳለ ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ እየተንቀሳቀሳችሁ ሳለ ሁሉም ዓምድ ሳይለወጥ አምስት መስመር ከተደገመ፣ የመጀመሪያውን አስቀርታችሁ ሌላውን ሰርዙ።

ስልክን መመዘን

ስልክ የመለኪያ መሣሪያ አይደለም። የኤልቲኢ ደረጃ ራሱ ለአርኤስአርፒ ንባብ በመደበኛ ሁኔታ እስከ 6 ዴሲቤል (የሲግናል ጉልበት ልዩነት መለኪያ) ወደላይም ወደታችም ስሕተት ይፈቅዳል። ሁለቱን ስልኮች ገላጣ ቦታ ላይ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ጎን ለጎን አቁሙ፣ 10 ደቂቃ መዝግቡ፣ ቦታቸውን አቀያይራችሁ ሌላ 10 ደቂቃ ድገሙ። የቀረው የአማካይ ልዩነት የስልኮቹ ነው፤ ከአንዱ ቀንሱት። ልዩነቱ በየዕለቱ የሚለዋወጥ ከሆነ አንዱ ስልክ ታሟል ማለት ነው፤ ቀይሩት።

ርካሹን አርቲኤል-ኤስዲአር ሬዲዮ (ከላፕቶፕ ጋር የሚሰካ መቀበያ) መጠቀም ለምትፈልጉ፦ የተለመደው ዓይነት ከ24 እስከ 1766 ሜጋኸርዝ ድረስ ብቻ ይሰማል። የ1800 ባንድ ከታወር ወደ ስልክ የሚመጣው ሲግናል ከ1805 እስከ 1880 ሜጋኸርዝ ስለሆነ አይደርስበትም። ለ900 ባንድ፣ ማለትም ከ925 እስከ 960፣ ይሆናል። ጌይኑን (ሲግናሉን የሚያጎላበትን መጠን) በአውቶማቲክ አትተዉት፤ ሲግናሉ በደከመ ቁጥር ራሱ ስለሚያጎላው ልትለኩት የመጣችሁት መዳከም ይጠፋል። ከመጠቀማችሁ በፊት 15 ደቂቃ ያህል ይሙቅ። ታወር ሥር ስትደርሱ በስክሪኑ ላይ የሌለ ሲግናል በየቦታው ብቅ ካለ ሬዲዮው ተጨናንቋል፤ ጌይኑን ዝቅ አድርጉ። የሚሰጠውም ንጽጽራዊ ዴሲቤል እንጂ ዲቢኤም (ከአንድ ሚሊዋት አንጻር የተለካ ትክክለኛ ጉልበት) አይደለም። ሃክአርኤፍ የተባለው ሬዲዮ ግን ማሰራጨትም ስለሚችል ከማስገባታችሁም ከመጠቀማችሁም በፊት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ጠይቁ።

ሜዳ ላይ

ስልኮቹ በዘንጉ ጫፍ ከሰውነት ርቀው ይሁኑ። ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ በሰውነት ምክንያት በርካታ ዴሲቤል ያጣል፣ የሚያጣውም ወዴት እንደዞራችሁ ይለያያል። ሚኒባስ ውስጥ አትለኩ፤ የብረት አካሉና የተሳፋሪው ብዛት በየፌርማታው ይለዋወጣል። በእግር መሄድ ይመረጣል፤ ረጅም ከሆነ ጎኑ ክፍት የሆነ ባጃጅ፣ ከ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሳይበልጥ። በዚህ ፍጥነት በሰከንድ አንዴ የሚመዘግብ ስልክ በየ5.6 ሜትሩ አንድ ነጥብ ይሰጣል።

ይህ ቁጥር ለምን ይጠቅማል? ሲግናል በግማሽ የሞገድ ርዝመት ውስጥ ከፍና ዝቅ ይላል። ያንን ነውጥ ለማስወገድ የተለመደው ደንብ በ40 የሞገድ ርዝመት ላይ ማማከል ነው፤ በ1800 ሜጋኸርዝ 6.7 ሜትር፣ በ900 ደግሞ 13 ሜትር ያህል ይሆናል። በባጃጅ የተሰበሰበ መረጃ በ6.7 ሜትር ውስጥ አንድ ነጥብ ብቻ ስላለው ለዚህ አይበቃም። ስለዚህ አንዱን መስመር በሁለቱ ስልኮች ደጋግሙና በ20 ሜትር ክፍልፋይ አማክሉ። ስታማክሉ ዴሲቤሉን ሳይሆን ሚሊዋቱን ነው፤ የ−80 እና የ−100 ዲቢኤም ትክክለኛ አማካይ −83 እንጂ −90 አይደለም።

ሄዳችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ። ስልክ የያዘውን ሴል ቶሎ አይለቅም፤ አዲሱ ሴል በተወሰነ ዴሲቤል ካልበለጠ አይሸጋገርም። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተለካ መስመር ድንበሩን ወደ ፊት ገፍቶ ያሳያል።

የእንጦጦ ወገብ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ታያላችሁ፦ አርኤስአርፒ −85፣ የስልኩ አሞሌ ሙሉ፣ ኢንተርኔቱ ግን የሚጎተት። ኤስአይኤንአርን ተመልከቱ፤ ዜሮ አካባቢ ይሆናል። ከፍታው ላይ ሆናችሁ የከተማው ብዙ ሴሎች በእኩል ጉልበት ይደርሷችኋል፣ አንዱ ሌላውን ያውካል። እንዲህ ያለውን ቦታ «ሽፋን ያለው» ብላችሁ ካለፋችሁት ጥናቱ እዚያው ላይ ይሳሳታል። ከፍታን ደግሞ ከስልኩ ጂፒኤስ አትውሰዱ፤ ኤስአርቲኤም ከተባለው ከጠፈር የተለካ የ30 ሜትር የከፍታ መረጃ ላይ በነጥቡ ቦታ አንብቡት።

ለባሕር ዛፍ ጥልቀቱን በሜትር የምታውቁት፣ ባለቤቱ የፈቀደላችሁ ደን ፈልጉ። በታወሩ በኩል ካለው ጠርዝ ፊት 3 ደቂቃ፣ ከጀርባ 3 ደቂቃ ቆማችሁ ለኩ። በዛፍ ውስጥ የሚጠፋውን ሲግናል የሚገምተው የዋይስበርገር ቀመር ከ14 እስከ 400 ሜትር ጥልቀት እንዲህ ይላል፦ ብክነት = 1.33 × ፍሪኩዌንሲ በጊጋኸርዝ (በ0.284 ኃይል) × ጥልቀት በሜትር (በ0.588 ኃይል)። ለ50 ሜትር ደን በ1.8 ጊጋኸርዝ 15.7 ዴሲቤል፣ በ15 ጊጋኸርዝ 28.6 ይወጣል። ያገኛችሁት ከዚህ በጣም ካነሰ ሞገዱ በዛፎቹ መካከል ሳይሆን በአናታቸው ላይ ታጥፎ መጥቷል ማለት ነው፤ ደኑ ጥልቅና ታወሩ ከፍ ያለ ሲሆን ይህ የተለመደ ነው። ባሕር ዛፍ ቅጠሉን አያራግፍምና የሚነጻጸረው ደረቅና እርጥብ ቅጠል ነው፦ አንዱን በጥር፣ አንዱን በነሐሴ ዝናቡ እንዳባራ። ዝናቡ ራሱ ብዙ አያስጨንቅ፤ በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዶፍ በ15 ጊጋኸርዝ በኪሎ ሜትር 3.6 ዴሲቤል ገደማ ይወስዳል፣ በ1.8 ግን የሚታይ ነገር የለውም።

ለጭቃ ቤት ከባለቤቱ ፈቃድ አግኝታችሁ በአራቱም ጎን ከግድግዳው 2 ሜትር ርቃችሁ፣ ከዚያ መሐል ቤት በሩ ተከፍቶና ተዘግቶ፣ እያንዳንዱን 2 ደቂቃ ለኩ። ከውጪው አማካይ የውስጡ ሲቀነስ የሚቀረው የግድግዳው ብክነት ነው። ሁለቱ ንባቦች ከአንድ ሴል መሆናቸውን ግን ሳታረጋግጡ አትቀንሱ። ስልኩ ወደ ውስጥ ሲገባ ከ1800 ወደ 900 ባንድ ከዘለለ ልዩነቱ ትርጉም የለውም፤ አንዳንዴም ቤቱ ሲግናል «የጨመረ» መስሎ ይታያል።

ቁጥሩን ማንበብ

በመጀመሪያ በባንድ ለዩ። የፍሪኩዌንሲ ቁጥሩ ከ1200 እስከ 1949 ከሆነ 1800 ባንድ ነው፤ ከ3450 እስከ 3799 ከሆነ 900። በ1800 ባንድ ትክክለኛው ሜጋኸርዝ 1805 + 0.1 × (ቁጥሩ − 1200) ነው፤ 1300 ማለት 1815 ነው። የሴል መለያውን ለ256 ስታካፍሉ ሙሉ ቁጥሩ ጣቢያውን፣ ቀሪው ሴክተሩን (የአንቴናውን አቅጣጫ) ይነግራችኋል፦ 1,234,434 ጣቢያ 4822፣ ሴክተር 2 ነው።

የታወሩን ቦታ በዓይን ካላገኛችሁት ታይሚንግ አድቫንስ ይረዳል፤ በኤልቲኢ አንዱ እርምጃ 78 ሜትር ነው። ከሦስት የተለያዩ ቦታዎች ክብ ሥሩና የሚገናኙበትን እዩ። ሰዎች ተባብረው የሠሯቸው የታወር ካርታዎች ግምት ናቸው፤ በብዙ መቶ ሜትር ሊስቱ ይችላሉ።

ከ300 ሜትር በታች ያሉትን ነጥቦች ከስሌቱ አውጡ። 30 ሜትር ላይ የተሰቀለ፣ 6 ዲግሪ ያዘነበለ አንቴና ዋና ጨረሩ መሬት የሚነካው 285 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ያላችሁት ከጨረሩ ሥር ስለሆነ የምትለኩት ርቀትን ሳይሆን የአንቴናውን ቅርጽ ነው።

ከዚያ አርኤስአርፒን ከ10 ሎግ ርቀት ጋር በቀጥታ መስመር አስማሙ። የመስመሩ ቁልቁለት የመዳከሚያ ኃይሉ ነው፤ በባዶ አየር 2፣ ቤት በበዛበት አካባቢ ከ3 እስከ 4 ይጠበቃል። ኦፕሬተሩ በስንት ዋት እንደሚያሰራጭ አለማወቃችሁ ቁልቁለቱን አይነካውም፤ መስመሩን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል እንጂ። ከመስመሩ ዙሪያ ያለው ስርጭት ከ6 እስከ 10 ዴሲቤል ቢሆን አትደንግጡ፤ 2 ወይም 3 ከሆነ ይልቅ ተጠራጠሩ።

ትልቁ ወጥመድ ግን የጠፉት ነጥቦች ናቸው። ሲግናሉ −125 አካባቢ ሲደርስ ስልኩ ይለቅና ምንም አይጽፍም። ፋይሉ ውስጥ የቀሩት ሩቅ ቦታ ላይ በዕድል ጥሩ የነበሩት ብቻ ይሆናሉ፤ መስመሩ ይዘቀዝቃል ሲባል ይቃናል፣ ሰፈሩም ከእውነቱ የተሻለ ኔትወርክ ያለው ይመስላል። የጂፒኤስ ነጥብ ኖሮ ሲግናል የሌለውን እያንዳንዱን መስመር «ከ−125 በታች» ብላችሁ አቆዩትና በቶቢት ሪግሬሽን (ከገደብ በታች የቀሩትን ነጥቦች ጭምር በሚያስብ የስታቲስቲክስ ዘዴ) አስሉ። ይህን ያልሠራ ጥናት የዳርቻውን ጉዳይ አላየም።

ወደ 8 እና 15 ጊጋኸርዝ መሻገር

ለሞዴሉ ሲዮና የተባለው ነፃ የጨረር መከተያ ሶፍትዌር (ሞገዱ በቤቶችና በመሬት መካከል የሚሄድበትን መንገድ የሚያሰላ) ይበቃል። የቤቶቹን ቅርጽ ከኦፕንስትሪትማፕ ወይም ከጎግል ኦፕን ቢልዲንግስ፣ መሬቱን ከኤስአርቲኤም ውሰዱ። አዳዲስ ሰፈሮች በካርታው ላይ ሊጎድሉ ስለሚችሉ ከሳተላይት ምስል ጋር አመሳክሩ። የግድግዳ ዓይነቶቹ ከዓለም አቀፉ ኅብረት ሠንጠረዥ የመጡ ናቸው፤ ኮንክሪት፣ ጡብ፣ እንጨት፣ ብርጭቆ፣ ብረት አለ፣ ጭቃ ቤት ግን የለም። የመሬት ዓይነቶቹም የሚሠሩት እስከ 10 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። የጭቃ ግድግዳችሁን ልኬት ዋጋ ያለው የሚያደርገው ይህ ነው።

በመጀመሪያ በ1.8 ጊጋኸርዝ አሂዱት። በአንዱ መስመር አስተካክሉ፣ ባላስተካከላችሁበት በሌላው መስመር ፈትኑ። ስሕተቱ 8 ዴሲቤል ገደማ ወይም ከዚያ በታች ካልሆነ ፍሪኩዌንሲውን አትጨምሩ።

በወረቀት የሚሠራ ማመሳከሪያም ያዙ። ከ50 ሜትር ባሕር ዛፍ ጀርባ በ1.8 ጊጋኸርዝ −95 አንብባችኋል እንበል። ወደ 15 ሲሄድ በባዶ አየር ብቻ 18.4 ዴሲቤል ይጠፋል፣ በደኑ ተጨማሪ 12.9፤ −126 ደረሰ፣ ማለትም ጠፋ። ታወሩ ላይ በዚያው ስፋት ብዙ ትናንሽ አንቴናዎች ከተደረደሩ 18.4ቱ ይመለሳል፣ −108 ይሆናል። ባንዱ ከ20 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ከሰፋና ኃይሉ ካልጨመረ ደግሞ 7 ይቀነሳል፤ −115። ልብ በሉ፤ የባዶ አየሩን ብክነት አንቴና ከፍሎታል፣ የባሕር ዛፉን 12.9 ግን ማንም አልከፈለውም። በዳርቻው ላይ የሲክስ ጂ ዕጣ የሚወሰነው በዛፍና በግድግዳ ነው የምንለው ለዚህ ነው፤ ስለ ቴራኸርዝ (ከእነዚህ እጅግ ስለሚበልጡ ፍሪኩዌንሲዎች) የተጻፉትን ማንበብ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ጥሬውን ፋይል ሳትነኩ ለብቻ አስቀምጡ፤ የጸዳው በሌላ ስም ይሁን፤ ቀኑ፣ መስመሩና ስልኩ በፋይሉ ስም ላይ ይግቡ። ለሌሎች ስታካፍሉ የስልኩን አይኤምኢአይና የሲሙን ቁጥር የያዙ ዓምዶች አጥፉ፣ ከቤታችሁ የተነሳውንም የመጀመሪያ 200 ሜትር ቁረጡ። የገባችሁበትን የጭቃ ቤት በተመለከተ ትክክለኛውን ነጥብ ሳይሆን የሰፈሩን ስም ብቻ ጻፉ።